ገንዘብ የማያባክን የኤስኤስዲ አመራረጥ፦ ከመግዛት እስከ መግጠም

በኤስኤስዲ (ተንቀሳቃሽ አካል በሌለው የኮምፒውተር መረጃ ማስቀመጫ) ካርቶን ላይ በትልቁ የሚታተመው «7,000 ሜጋባይት በሰከንድ» ዓይነት ቁጥር ውሸት አይደለም፤ የሚለካው ግን አንድ ትልቅ ፋይል ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ሲነበብ ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ፣ ብራውዘር ሲከፈት ወይም ፕሮግራም ሲጀምር ኮምፒውተሩ የሚያነበው እዚህም እዚያም የተበተኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎችን ነው። እነዚህ በ4 ኪሎባይት ቁራጭ አንድ በአንድ ሲነበቡ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 1 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም፤ ሳታ በሚባለው የቆየ መገናኛ የሚሠራ ጥሩ ኤስኤስዲ ከ30 እስከ 40፣ ፒሲአይኢ በሚባለው ፈጣን መስመር የሚሠራው ጥሩ ኤንቪኤምኢ ደግሞ ከ60 እስከ 90 ሜጋባይት አካባቢ ይሰጣል። ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ከሃርድ ዲስክ ወደ ማንኛውም ደህና ኤስኤስዲ ስትሻገሩ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ፍጥነት አብዛኛው ተጠቃሚ አያየውም፤ ብዙ ሰው ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍለው ግን ለዚያው ለማያየው ነው። ያ ገንዘብ ወደ መጠን፣ ወደ ሜሞሪው ዓይነትና ወደ ዋስትናው ቢዞር ይሻላል።

ደረጃ 1፦ ማሽናችሁ ምን እንደሚቀበል እወቁ

ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚባክነው የማይገጥም ዕቃ በመግዛት ነው። በገበያ ላይ በብዛት ያሉት ሁለት ቅርጾች ናቸው። አንዱ 2.5 ኢንች የሚባለው ጠፍጣፋ ሳጥን ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር ነው፤ በሳታ ገመድ ወይም በላፕቶፕ የሳታ መሰኪያ ይሠራል። ሌላው ኤም.2 የሚባለው፣ እንደ ራም ቀጭን የሆነውና በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው ነው።

ኤም.2 የቅርጽ ስም እንጂ የፍጥነት ስም አይደለም። በኤም.2 ቅርጽ የሚሠሩ የሳታ ኤስኤስዲዎች አሉ፤ ኤንቪኤምኢዎችም አሉ። መሰኪያው አንዱን ብቻ የሚቀበል ከሆነ ሌላው ቢገባም እንኳ አይታወቅም። በዓይን ለመለየት የወርቅማ እግሮቹን ጫፍ ተመልከቱ፤ የሳታው ብዙውን ጊዜ ሁለት ቁርጥ አለው፣ ኤንቪኤምኢው ግን አንድ። ይህ ሁልጊዜ የሚሠራ መለያ ስላልሆነ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው የማዘርቦርዱ ወይም የላፕቶፑ መመሪያ ነው። ከላፕቶፑ ሆድ ስር የተለጠፈውን ሙሉ የሞዴል ቁጥር ወስዳችሁ በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ «ስቶሬጅ» የሚለውን ክፍል አንብቡ። «ፒሲአይኢ» ወይም «ኤንቪኤምኢ» የሚል ካለ ኤንቪኤምኢ ይቀበላል ማለት ነው፤ «ሳታ» ብቻ ከሆነ ሳታ ብቻ ግዙ።

ርዝመቱንም አትርሱ። 2280 ማለት 22 ሚሊሜትር ስፋት፣ 80 ሚሊሜትር ርዝመት ነው። 2242 እና 2230 አጫጭሮቹ ናቸው፤ በትንንሽ ላፕቶፖችና በእጅ በሚያዙ የጨዋታ ኮምፒውተሮች ውስጥ ይገኛሉ። የብሎን ቦታው ለ42 ሚሊሜትር ብቻ በተሠራ ማሽን ላይ 80ው አይገባም። አጭሩን በረጅም ቦታ ላይ መግጠም ግን ብሎን ማሰሪያው በዚያ ርቀት ካለ ይቻላል። በጣም ቀጭን በሆኑ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ በሁለቱም ገጽ ቺፕ ያለበት ኤስኤስዲ ላይገባ ይችላል፤ ከፍተኛ መጠን ያላቸውን ስትገዙ «ባለ አንድ ገጽ» መሆኑን አረጋግጡ።

እ.ኤ.አ. ከ2015 በፊት የተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶች ከኤንቪኤምኢ ዊንዶውስን ማስነሳት አይችሉም። በፒሲአይኢ ካርድ አማካይነት ብትሰኩትም እንደ ዕቃ ማስቀመጫ ይታያል እንጂ ሲስተሙ ከእሱ አይነሳም። ለእነዚህ ማሽኖች 2.5 ኢንች ሳታ ግዙና ጨርሱ። የቆየው ሳታ 2 እንኳ በሰከንድ እስከ 280 ሜጋባይት ገደማ ያሳልፋል፤ ከአሮጌ ሃርድ ዲስክ ጋር ሲነጻጸር ማሽኑ ሌላ ኮምፒውተር እስኪመስል ይለወጣል። በጥቂት ዴስክቶፖች ላይ ደግሞ የኤም.2 መሰኪያው ሲያዝ ከሳታ ወደቦቹ አንዱ ወይም ሁለቱ ይዘጋሉ። ኤስኤስዲ ከተሰካ በኋላ የድሮው ሃርድ ዲስክ ድንገት ቢጠፋ ገመዱን ወደ ሌላ ወደብ አዛውሩት።

አንዳንድ ላፕቶፖች፣ የቅርብ ጊዜዎቹን ማክቡኮች ጨምሮ፣ የመረጃ ማስቀመጫቸው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። እነሱ ላይ የሚቀየር ነገር የለም፤ ያለው አማራጭ በዩኤስቢ የሚሰካ ውጫዊ ኤስኤስዲ ነው።

ደረጃ 2፦ መጠኑን ወስኑ፣ ከዚያ ዋጋውን ለጊጋባይት አካፍሉ

አምራቾች 1 ቴራባይት የሚሉት 1,000 ጊጋባይትን ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ በ1,024 እያባዛ ስለሚቆጥር 931 ጊጋባይት ብሎ ያሳያችኋል። 500ው 465፣ 256ቱ 238 ሆኖ ይታያል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፣ የአቆጣጠር ልዩነት ነው።

ከምትገዙት መጠን ላይ ደግሞ ከ15 እስከ 20 በመቶ ባዶ ለመተው አስቡ። ኤስኤስዲ ሲሞላ ይዘገያል፤ ምክንያቱም አዲስ መረጃ ከመጻፉ በፊት ያረጀውን ማጥፋትና የቀረውን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር አለበት፤ ለዚህም ባዶ ቦታ ይፈልጋል። እንግዲህ በ256 ጊጋባይት ላይ በተግባር የምትጠቀሙበት ወደ 190 ገደማ ነው። ዊንዶውስ ከዝማኔዎቹና ከተለመዱ ፕሮግራሞች ጋር ሲገባበት የሚተርፈው ለፎቶና ለቪዲዮ ጠባብ ነው።

ለቢሮ ሥራና ለትምህርት 500 ጊጋባይት ይበቃል። ፎቶ፣ ጨዋታ ወይም ቪዲዮ ለሚያበዛ ሰው 1 ቴራባይት መነሻው ነው። 120 እና 128 ጊጋባይት ለአዲስ ግዢ አንመክርም።

ለማወዳደር የእያንዳንዱን ዋጋ ለጊጋባይቱ አካፍሉ። በአብዛኛው የምታገኙት ትንሹ ዕቃ በጊጋባይት ሲሰላ ውድ መሆኑን ነው፤ ምክንያቱም ኮንትሮለሩ (የኤስኤስዲውን ሥራ የሚመራው ቺፕ)፣ ሰሌዳውና ማሸጊያው ለ256ም ለ1 ቴራባይትም ተቀራራቢ ወጪ አላቸው። የሚጨምረው የሜሞሪ ቺፑ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ትንሹ ኤስኤስዲ ጥቂት ቺፕ ስላለው ጎን ለጎን የሚሠሩት መስመሮች ያነሱ ናቸው፤ የመጻፍ ፍጥነቱም ዕድሜውም ከትልቁ ወንድሙ ይቀንሳል። የካርቶኑ ትልቅ ቁጥር ብዙ ጊዜ የ1 ወይም የ2 ቴራባይቱ ነው፤ የምትገዙትን መጠን ቁጥር ለይታችሁ አንብቡ።

ደረጃ 3፦ የሜሞሪውን ዓይነት ጠይቁ

ብዙ ሰው ዘሎ የሚያልፈው፣ ለእኛ ግን የግዢው ልብ የሆነው ይህ ነው። በኤስኤስዲ ውስጥ መረጃ የሚቀመጠው በሴሎች ውስጥ በታሰረ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው። ቲኤልሲ በአንድ ሴል 3 ቢት ያስቀምጣል፤ ስለዚህ 8 የቮልቴጅ ደረጃዎችን መለየት አለበት። ኪውኤልሲ 4 ቢት ያስቀምጣል፤ መለየት ያለበት 16 ደረጃ ነው። ደረጃዎቹ ሲቀራረቡ መጻፉ ይበልጥ ጥንቃቄና ጊዜ ይፈልጋል፣ ሴሉም ቶሎ ያረጃል። ትርፉ ርካሽ መሆኑ ነው።

ይህ ዝግታ በመጀመሪያ አይታይም። አምራቾች ከሴሎቹ የተወሰኑትን በ1 ቢት ብቻ እያሠሩ ፈጣን መቀበያ ያደርጓቸዋል፤ አዲስ የሚጻፈው መጀመሪያ እዚያ ያርፋል፣ ኮምፒውተሩ ሥራ ሲፈታ ቀስ እያለ ወደ ዋናው ቦታ ይዛወራል። ከጠባብ ቧንቧ አፍ ላይ እንደተቀመጠ በርሜል ነው፤ በርሜሉ እስኪሞላ ድረስ የፈለጋችሁትን ያህል በፍጥነት ታፈሳላችሁ፣ ከሞላ በኋላ ግን የሚገባው ቧንቧው የሚያወርደውን ያህል ብቻ ነው። መቀበያው ሲሞላ ደህና ቲኤልሲ ኤንቪኤምኢ በሰከንድ ብዙ መቶ ሜጋባይት መጻፉን ይቀጥላል። ርካሽ ኪውኤልሲ ግን ወደ 100 ሜጋባይት ወይም ከዚያም በታች ሊወርድ ይችላል፤ ይህ ከሃርድ ዲስክ ያነሰ ነው። ኤስኤስዲው እየሞላ በሄደ ቁጥር ባዶ ሴል ስለሚቀንስ መቀበያው ራሱ ይጠብባል። «ሲገዛ ፈጣን ነበር፣ አሁን ግን 80 ጊጋባይት ለመቅዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀ» የሚለው ቅሬታ ምንጩ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ሲስተሙ የሚቀመጥበት ብቸኛ ዲስክ ከሆነ ቲኤልሲ ግዙ፤ የዋጋው ልዩነት 15 በመቶ አካባቢ ከሆነ አታመንቱ። ኪውኤልሲ የሚያዋጣው ለ2 ወይም ለ4 ቴራባይት ሁለተኛ ዲስክ ነው፤ ጨዋታ፣ ፊልም፣ የፎቶ ክምችት አንድ ጊዜ ተጽፎ ብዙ ጊዜ የሚነበብበት። 500 ጊጋባይት ኪውኤልሲ ግን ከሁለት ያጣ ነው፤ መቀበያውም ትንሽ፣ ዕድሜውም አጭር።

ችግሩ ብዙ አምራች «3ዲ ናንድ» ብሎ ብቻ ጽፎ ዓይነቱን መደበቁ ነው። 3ዲ ማለት ሴሎቹ ተደራርበዋል ማለት ብቻ ነው፤ ስንት ቢት እንደሚይዙ አይናገርም። ፍንጭ የሚሆነው የዕድሜ ቁጥሩ ነው። 1 ቴራባይት ሆኖ 600 ቲቢደብሊው (በዋስትናው ሊጻፍበት የሚችለው ጠቅላላ ቴራባይት፤ ደረጃ 6ን እዩ) የተሰጠው ብዙውን ጊዜ ቲኤልሲ ነው፤ 200 አካባቢ ከሆነ ኪውኤልሲ መሆኑን ጠርጥሩ። በዚህ ላይ አምራቾች ስሙን ሳይቀይሩ ውስጡን የቀየሩበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የክሩሻል ፒ2 ከቲኤልሲ ወደ ኪውኤልሲ መለወጡ፣ የዌስተርን ዲጂታል ብሉ ኤስኤን550 ደግሞ ፍላሽ ሜሞሪው በሌላ ተተክቶ መቀበያው ሲሞላ የሚጽፍበት ፍጥነት መውረዱ ታውቋል። ስለዚህ የፍተሻ ጽሑፍ ስታነቡ ቀኑን ተመልከቱ፤ ዕቃው መጀመሪያ በወጣበት ሳምንት የተጻፈ ውዳሴ አሁን መደርደሪያ ላይ ያለውን ላይገልጽ ይችላል። የሜሞሪውን ዓይነት በይፋዊ ሰነዱ ላይ በግልጽ የሚጽፍ ሞዴል ከማይጽፈው ይቀድማል።

ደረጃ 4፦ ዲራም ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም?

እያንዳንዱ ኤስኤስዲ የትኛው መረጃ የት ሴል ውስጥ እንዳለ የሚያሳይ ማውጫ ይይዛል። ውድ የሆኑት ማውጫውን በራሳቸው ዲራም (ፈጣን ጊዜያዊ ሜሞሪ) ቺፕ ላይ ያስቀምጡታል፤ በተለምዶ ለ1 ቴራባይት 1 ጊጋባይት ዲራም። ዲራም የሌላቸው ማውጫውን በከፊል ከዝግተኛው ፍላሽ ላይ ማንበብ ይኖርባቸዋል።

መልሱ በመሰኪያው ይለያያል። ኤንቪኤምኢ ከኮምፒውተሩ ራም ላይ ትንሽ ቦታ፣ በአስር ሜጋባይቶች የሚቆጠር፣ ተበድሮ ማውጫውን እዚያ ማኖር ይችላል፤ ዘዴው ኤችኤምቢ ይባላል። ስለዚህ ዲራም የሌለው ግን ቲኤልሲ የሆነ ኤንቪኤምኢ፣ ለምሳሌ የዌስተርን ዲጂታል ብላክ ኤስኤን770 ዓይነት፣ ለአብዛኛው ሰው የገንዘቡን ዋጋ የሚሰጥ ምርጫ ነው። በሳታ ላይ ይህ ብድር የለም። የሳታ ኤስኤስዲ ለሲስተም ዲስክነት የምትገዙ ከሆነ ዲራም ያለውን ፈልጉ፤ ሳምሰንግ 870 ኢቮ እና ክሩሻል ኤምኤክስ500 አላቸው፣ ኪንግስተን ኤ400 እና ክሩሻል ቢኤክስ500 የላቸውም። የኋለኞቹ የድሮ ላፕቶፕን ለማንቃት ይሆናሉ፤ ቀኑን ሙሉ ብዙ ፋይል ለሚጻፍበት ማሽን ግን አይመረጡም።

ደረጃ 5፦ ትውልዱ

ሳታ በሰከንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ላይ ይቆማል። ፒሲአይኢ 3.0 ኤንቪኤምኢ ወደ 3,500፣ 4.0 ወደ 7,000፣ 5.0 ወደ 14,000 ይደርሳል። አዲሱ በአሮጌ መሰኪያ ላይ ይሠራል፤ ፍጥነቱ ግን በአሮጌው ይወሰናል። የኢንቴል 10ኛ ትውልድና ከዚያ በፊት ያሉት 3.0 ናቸው፤ እነሱ ላይ ለ4.0 ፍጥነት መክፈል ትርጉም የለውም። ዋጋቸው እኩል ከሆነ ግን 4.0ውን ውሰዱ፣ ነገ ወደ ሌላ ማሽን ይዛወራል። 5.0 የሚጠቅመው በየቀኑ ግዙፍ ቪዲዮ ለሚያገላብጥ ሰው ነው፤ የመጀመሪያዎቹ በጣም ይሞቃሉና ሂትሲንክ የሚባለውን ማቀዝቀዣ ብረት ይፈልጋሉ።

ደረጃ 6፦ ዕድሜና ዋስትና

ቲቢደብሊው ዋስትናው ሳያልቅ ስንት ቴራባይት ሊጻፍበት እንደሚችል የሚናገር ቁጥር ነው። 600 ቲቢደብሊው ያለው ዲስክ ላይ በቀን 40 ጊጋባይት ብትጽፉ 15,000 ቀን፣ ማለትም ከ41 ዓመት በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ለተራ ተጠቃሚ 600ው 1,200 ቢሆን ልዩነት የለውም፤ ለዚያ ተጨማሪ አትክፈሉ። ዋስትናው የሚያበቃው ዓመቱ ወይም ቲቢደብሊው፣ ቀድሞ የሞላው ሲሞላ ነው። ከ3 ዓመቱ የ5 ዓመቱን ምረጡ። በመቶ ሺህዎችና በሚሊዮን ሰዓት የሚጻፈውን የ«አማካይ ዕድሜ» ቁጥር ዝለሉት፤ በእጃችሁ ስላለው አንድ ዲስክ የሚናገረው ነገር የለም።

ኤስኤስዲ በድንገት ሲሞት ሴሉ ስላለቀ ሳይሆን ኮንትሮለሩ ወይም ፈርምዌሩ (በዲስኩ ውስጥ የተጫነው መቆጣጠሪያ ፕሮግራም) ስለተበላሸ ነው ብዙ ጊዜ። በስመ ጥሩ ዕቃም ይደርሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ በሳምሰንግ 980 ፕሮ ላይ በፈርምዌር ስህተት ምክንያት ዲስኩ ለንባብ ብቻ ተቆልፎ የቀረባቸው ነበሩ፤ ችግሩን የሚከላከለው የፈርምዌር ዝማኔ ነበር። እንደገዛችሁ የአምራቹን ፕሮግራም አውርዳችሁ ፈርምዌሩን አድሱ። ኤስኤስዲ እንደ ሃርድ ዲስክ እየተንኳኳ አያስጠነቅቅም፣ ከሞተም መረጃ ማውጣት እጅግ ከባድ ነው፤ የማይተካ ፋይል ሁልጊዜ ሌላ ቦታ ቅጂ ይኑረው።

ደረጃ 7፦ ከመክፈል በፊትና በኋላ ፈትሹ

ስሙ የማይታወቅ 2 ወይም 4 ቴራባይት በ256 ዋጋ ሲቀርብ ውሸት ነው። በውስጡ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ትንሽ የሜሞሪ ካርድ ሲሆን፣ ፈርምዌሩ ትልቅ ነኝ ብሎ እንዲናገር ተደርጓል። ፋይሎቹ በስም ይታያሉ፤ ከእውነተኛው መጠን በላይ የተጻፈው ግን ይጠፋል ወይም የቀደመውን ይደመስሳል። በዊንዶውስ ኤች2ቴስትደብሊው፣ በሊኑክስና በማክ ኤፍ3 የሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ዲስኩን እስከ ጫፉ ሞልተው መልሰው ያነቡታል። ጊዜ ይፈጃል፣ ግን አያስቱም። ፍተሻውን ባዶ ዲስክ ላይ፣ ገና የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ አድርጉት።

በመቀጠል የዲስክን ጤንነት የሚያሳየውን ፕሮግራም ክሪስታልዲስክኢንፎን ክፈቱ። አዲስ የተባለ ዲስክ የበራበት ሰዓት ከጥቂት ሰዓት መብለጥ የለበትም፣ የተጻፈበትም ከጥቂት ጊጋባይት። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ጠቅላላ የተጻፈውን ከቲቢደብሊው ጋር አነጻጽሩ፤ የስህተት ቁጥሩ ከ0 በላይ ከሆነ ተዉት። እነዚህን ቁጥሮች ወደ ኋላ መመለስ የሚችሉ ሰዎች ስላሉ ንጹሕ ቁጥር ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ሞልቶ የመፈተሹን ሥራ አይተካም።

ደረጃ 8፦ መግጠምና መጀመሪያ ማስተካከል

ማሽኑን አጥፉ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ የላፕቶፕ ባትሪ የሚነቀል ከሆነ ንቀሉት። የሰውነታችሁ ኤሌክትሪክ እንዲወርድ ያልተቀባ ብረት ንኩ። ኤም.2ውን በ30 ዲግሪ ገደማ አዘንብላችሁ እግሮቹ እስኪሰወሩ ግፉት፣ ከዚያ ወደ ታች ተጫኑትና ብሎኑን እሰሩ። ብሎኑ ከኤስኤስዲው ጋር ብዙ ጊዜ አይመጣም፣ ከማዘርቦርዱ ሣጥን ውስጥ ነው የሚገኘው፤ የተለመደው 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ነው። በጣም አታጥብቁ። ማዘርቦርዱ ሂትሲንክ ካለው ከስሩ ያለውን የላስቲክ ሽፋን ልጡ፤ ብዙ ሰው ይህን ረስቶ ዲስኩ ይሞቅበታል። የኤስኤስዲውን ስቲከር ግን አትንኩ፣ ዋስትናውን ሊያሳጣችሁ ይችላል። ለ2.5 ኢንች በዴስክቶፕ ላይ የሳታ ዳታ ገመድ ለብቻው ግዙ፤ በካርቶኑ ውስጥ አብሮ አይመጣም።

አዲሱ ዲስክ በ«ዚስ ፒሲ» ውስጥ ካልታየ አትደንግጡ። «ዲስክ ማኔጅመንት» ውስጥ ገብታችሁ ጂፒቲ (የዲስክ አከፋፈል ዓይነት) መርጣችሁ አስጀምሩትና ክፍልፍል ፍጠሩ። እዚያም ከሌለ ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ተመልከቱ፤ ባዮስም ካላየው ወይ በደንብ አልገባም ወይ መሰኪያው ያንን ዓይነት አይቀበልም። በአሮጌ ማሽን ባዮስ ውስጥ የሳታው አሠራር በድሮው «አይዲኢ» ላይ ከሆነ ወደ «ኤኤችሲአይ» ቀይሩት፤ ቀድሞ የተጫነ ዊንዶውስ ካለ ግን ከለውጡ በኋላ ላይነሳ ይችላልና ከአዲስ ጭነት በፊት ማድረጉ ይቀላል።

ሲስተሙን እንዳለ ለማዛወር ክሎንዚላ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ግን መድረሻው በተለምዶ ከመነሻው ማነስ የለበትም። ቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) ከበራ የመክፈቻ ቁልፉን አስቀድማችሁ አስቀምጡና ለጊዜው አቁሙት። ከተዛወረ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስነሱ የድሮውን ዲስክ ነቅላችሁ አስነሱ፤ ሁለት ተመሳሳይ ሲስተም ጎን ለጎን ካሉ ዊንዶውስ የተሳሳተውን ሊመርጥ ይችላል።

በመጨረሻ «ዲፍራግመንት ኤንድ ኦፕቲማይዝ ድራይቭስ» የሚለውን ክፈቱና ዲስኩ «ሶሊድ ስቴት ድራይቭ» ተብሎ መታወቁን እዩ። ከታወቀ ዊንዶውስ በየጊዜው ትሪም ያደርጋል፤ ይህም የተሰረዙ ፋይሎች ቦታ ባዶ መሆኑን ለኤስኤስዲው ያሳውቃል። በሌላ ፕሮግራም ዲፍራግመንት (የተበታተኑ የፋይል ቁራጮችን አንድ ቦታ መሰብሰብ) አታድርጉ፣ ጥቅም ሳይሰጥ ሴሎቹን ያስረጃል። ሙቀቱ በረፍት ጊዜ ከ35 እስከ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ጤነኛ ነው፤ በሥራ ላይ 80 አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል።

የድሮውን ሃርድ ዲስክ አትጣሉት። ኤስኤስዲ ኃይል ሳያገኝ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ከሴሎቹ ቻርጅ እየፈሰሰ ይሄዳል፣ በተለይ ብዙ የተጻፈበትና ሙቀት ያለበት ቦታ የተቀመጠ። ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ለሚቆይ ቅጂ፣ ጤነኛ ከሆነ፣ ሃርድ ዲስኩ ይሻላል፤ በዩኤስቢ ማቀፊያ ውስጥ አድርጋችሁ የፎቶና የሰነድ ቅጂ ማስቀመጫ አድርጉት።